አያትን በመርከብ መዝገብ ውስጥ መፈለግ

በታሪክ ትምህርት ክፍለ ጊዜ «ዋና ምንጭ» እና «ሁለተኛ ምንጭ» የሚሉትን ቃላት ሳንሰማ የዋልንበት ቀን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፈተና ላይ ሲመጡም ትርጉማቸውን አሳምረን እንጽፋለን። ዳሩ ግን አንድ ዋና ምንጭ በእጅ ተይዞ መስመር በመስመር ሲነበብ ምን እንደሚመስል ያየን ጥቂቶች ነን። ስለሆነም ለዛሬ አንድ የሰነድ ዓይነት መርጠናል። ይኸውም ከአውሮፓ ወደቦች ተነሥተው ወደ አሜሪካ ይመላለሱ የነበሩት ታላላቅ መርከቦች የመንገደኞች መዝገብ ነው። ዛሬ ብዙ አሜሪካውያን የአያትና የቅድመ አያታቸውን ዱካ የሚፈልጉት በዚሁ መዝገብ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

«አያትን ለመፈለግ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፣ በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተጠይቆ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ቆጣሪውም መዝገብ ሳይገልጥ በቃሉ ያወርደዋል። ይህ ግን የሚሠራው ሽማግሌውም፣ ቀዬውም፣ ዘመዱም ባሉበት ሲሆን ነው። አያቱ በሃያ ዓመቱ አንድ ሻንጣ ይዞ ውቅያኖስ የተሻገረ፣ ቋንቋውንም ለልጆቹ ሳያወርስ የሞተ ሰው የልጅ ልጅ ማንን ይጠይቅ? የቃሉ ሰንሰለት የተበጠሰው ባሕሩ ላይ ነው። ከሰንሰለቱ የተረፈው ቀለበት ደግሞ አንድ የመርከብ ጸሐፊ የጻፋት አንዲት መስመር ናት።

መዝገቡ እንዴት ተጀመረ? መጀመሪያ ላይ ማንም ስለ ትውልድ ቆጠራ አላሰበም። የአሜሪካ ኮንግሬስ በ1819 ያወጣው ሕግ ዓላማው መርከቦች ሰውን እንደ ዕቃ እያጨናነቁ እንዳይጭኑ መከልከል ነበር። በሕጉ መሠረት ለእያንዳንዱ 5 ቶን ከ2 መንገደኛ በላይ መጫን ተከለከለ። ይህን ለመቆጣጠር እንዲቻልም የመርከቡ አዛዥ ወደብ ሲደርስ የመንገደኞቹን ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሥራና የመጡበትን አገር፣ እንዲሁም በመንገድ ላይ የሞቱትን ጭምር ዘርዝሮ ለጉምሩክ እንዲያስረክብ ታዘዘ። አፈጻጸሙ የጀመረው በ1820 ነው። የዚያን ዘመን ዝርዝሮች «የጉምሩክ ዝርዝር» እየተባሉ የሚጠሩትም ለዚህ ነው። መረጃቸው ደረቅ ነው፤ «ገበሬ፣ 30፣ ከጀርመን» ብሎ የሚያልፍ ይበዛል።

ነገሩ የተለወጠው በ1891 የኢሚግሬሽን ሥራ ወደ ፌዴራሉ መንግሥት ከተዛወረ በኋላ ነው። በ1893 የወጣው ሕግ የጥያቄውን ብዛት ጨመረው፦ ማንበብና መጻፍ ይችላል ወይ? ትኬቱን ማን ከፈለለት? ስንት ገንዘብ ይዟል? ወደ ማን ነው የሚሄደው? ከዚህ በፊት አሜሪካ ነበረ ወይ? ታስሮ ያውቃል ወይ? በ1903 የዘር ወገን፣ በ1906 የመልክ መግለጫና የትውልድ ቦታ፣ በ1907 ደግሞ በመጣበት አገር የቀረ የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ ተጨመረ። እንዲህ እየተባለ መዝገቡ ሁለት ሰፋፊ ገጽ የሚሸፍን 29 ዓምድ ያለው ሰነድ ሆነ። ለፈላጊ ሰው ከ1907 ወዲህ ያለው መዝገብ ወርቅ ነው የሚባለው በከንቱ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር መጨበጥ አለብን። መዝገቡን የሚሞላው የአሜሪካ ሹም አይደለም። መንገደኛው ገና ሃምቡርግ ወይም ኔፕልስ ወይም ሊቨርፑል ሳለ፣ ትኬት ሲቆርጥ ወይም ሲሳፈር፣ የመርከብ ኩባንያው ጸሐፊ ነው ጠይቆ የሚጽፈው። ኩባንያው የሚጠነቀቅበት ምክንያት ነበረው፤ አሜሪካ ያልተቀበለችውን ሰው በራሱ ወጪ የመመለስ ግዴታ ነበረበትና። ኒውዮርክ ወደብ አጠገብ ባለችው ኤሊስ አይላንድ የሚቀመጠው መርማሪ ደግሞ የተጻፈውን መዝገብ ፊቱ ዘርግቶ «አንተ እገሌ ነህ? ዕድሜህ ስንት ነው?» እያለ ያመሳክር ነበር። ኤሊስ አይላንድ ከጥር 1892 እስከ ኅዳር 1954 ድረስ ስትሠራ ወደ 12 ሚሊዮን ሰው ተቀብላለች። ሚያዝያ 17 ቀን 1907 በዋለው አንድ ቀን ብቻ 11,747 ሰው እንዳስተናገደች ተመዝግቧል። የተመለሱት ከመቶ ሁለት ያህል ነበሩ። ከመቶ ሁለት ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከ12 ሚሊዮን ላይ አስሉት።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው መስመር ለልምምድ የተዘጋጀ እንጂ የእውነተኛ ሰው አይደለም። ሆኖም በ1909 መዝገብ ላይ ሊገኝ የሚችል ዓይነት ነው፦ «ጁሴፔ፣ 26 ዓመት፣ ወንድ፣ ያገባ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ማንበብ አይችልም፣ ከሲሲሊ፤ የቀረ ዘመድ ሚስቱ ሮዛ፤ መድረሻ ኒውዮርክ፤ ትኬት ራሱ የከፈለ፤ 12 ዶላር የያዘ፤ ቀድሞ አሜሪካ ነበረ ከ1903 እስከ 1907፤ የሚሄደው ወደ አማቹ፣ ኤልሳቤጥ ስትሪት።»

ችኩል አንባቢ ስሙንና ዓመቱን ገልብጦ ይሄዳል። እኛ ግን እንቀመጥ። በመጀመሪያ «ቀድሞ ነበረ» የሚለው ዓምድ ከሁሉም በላይ ነው። ሰውዬው በ1903 የገባበት ሌላ መርከብ፣ ሌላ መዝገብ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ 20 ዓመቱ ነበር፤ ምናልባትም ሳያገባ ነው የመጣው። ስለዚህ በቀድሞው መዝገብ ላይ «ያላገባ» ተብሎ ቢገኝ ሌላ ሰው ነው ብለን መጣል የለብንም። በ1907 አገሩ ተመልሶ በ1909 እንደገና መጥቷል፤ ጋብቻው በዚያ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ የጋብቻ መዝገብ የምንፈልገው በሲሲሊ፣ በነዚያ ዓመታት ነው። አማች የሚለውስ? የሚስቱ ወንድም ነው ወይስ የእህቱ ባል? የአማቹ የቤተሰብ ስም ከሮዛ የአባት ቤት ስም ጋር ከተመሳሰለ ወንድሟ ነው።

ሮዛ ራሷ በኋላ መጥታ እንደሆነ ስንፈልግ ደግሞ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። የኢጣሊያ ሴቶች በመርከብ መዝገብ ላይ የሚጻፉት ብዙውን ጊዜ በአባታቸው ቤት ስም ነው። አሜሪካዊው የልጅ ልጅ ግን አያቱን በባሏ ስም ሲፈልግ ዓመት ይፈጃል። በዚህ በኩል እኛ ብልጫ አለን፤ በአገራችን ሴት ልጅ ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥምና ነገሩ አይገርመንም። ወሰንን የምናሰፋው እንዲህ ነው፤ አንዷ መስመር ሌሎች አራት ሰነዶችን ትጠቁማለች።

በገጹ ኅዳግ ላይ የሚታዩ ምልክቶችም አሉ። ስሙ የተሰረዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትኬት ቆርጦ ሳይሳፈር የቀረ ነው። «ኤስ አይ» የሚል ማኅተም ካለ ለልዩ ምርመራ ጉባኤ ተይዞ ነበር። ዘመድ እስኪመጣላቸው የተያዙት ደግሞ፣ በተለይ ብቻቸውን የመጡ ሴቶች፣ በመዝገቡ መጨረሻ በተለየ ገጽ ተዘርዝረዋል፤ ማን መጥቶ እንደወሰዳቸውም ተጽፏል። ከስሙ በላይ ቁጥርና ቀን ከተጫጫረ፣ ሰውዬው ከዓመታት በኋላ ዜግነት ሲጠይቅ አገባቡ ከመዝገቡ ላይ ተመሳክሯል ማለት ነው። ያቺ ጭረት የዜግነት ማመልከቻውን ፋይል ፈልጉ የምትል ናት።

ስለ ስም ነገር በሰፊው መነጋገር ያስፈልጋል። «የቅድመ አያቴን ስም ኤሊስ አይላንድ ላይ ለወጡት» የሚለው ታሪክ በአሜሪካ ቤት ሁሉ ይነገራል። በ1974 የወጣው «ጎድፋዘር» ፊልም ሁለተኛ ክፍልም ይህንኑ ያሳያል፤ ሕፃኑ ቪቶ መናገር ሲያቅተው ሹሙ የመንደሩን ስም ስሙ አድርጎ ይጽፍለታል። ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነው። ታሪኩ ግን ከአሠራሩ ጋር አይገጥምም። ከላይ እንዳየነው መዝገቡ የተጻፈው አውሮፓ ነው፤ የኤሊስ አይላንዱ መርማሪ የተጻፈውን ያመሳክራል እንጂ አዲስ ስም አያወጣም፤ አስተርጓሚዎችም ነበሩ። ሰዎች ስማቸውን የለወጡት አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ናቸው፤ ሥራ ሲፈልጉ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስገቡ፣ ዜግነት ሲወስዱ።

ዘፈን ደራሲው ኧርቪንግ በርሊን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1893 ከወላጆቹ ጋር ራይንላንድ በተባለች መርከብ ሲገባ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ስሙም ኢዝራኤል፣ የቤተሰቡ ስም ቤይሊን ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ቤተሰቡ «ባሊን» እየተባለ ቀጠለ። «በርሊን» የሚለው የመጣው በ1907 የመጀመሪያ ዘፈኑ ሲታተም በወረቀቱ ላይ «አይ. በርሊን» ተብሎ በመውጣቱ ነው። የወደብ ሹም እጁ የለበትም። የልጅ ልጆቹ በመርከብ መዝገብ ላይ «በርሊን» ብለው ቢፈልጉ ኖሮ ምንም ባላገኙ ነበር።

ታዲያ ስም በየጊዜው እንዲህ ከተለዋወጠ በምን ይፈለጋል? አሜሪካኖቹ «ሳውንዴክስ» የሚባል ዘዴ አላቸው። የባለቤትነት መብቱ በ1918 ተመዝግቧል። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይይዙና አናባቢዎቹን ይጥላሉ፤ በድምፅ ለሚቀራረቡ ተነባቢዎች አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። ለምሳሌ ቢ፣ ኤፍ፣ ፒና ቪ ሁሉም 1 ናቸው። በዚህ ስሌት ሮበርትና ሩፐርት ሁለቱም «አር 163» ይሆናሉ። ከ1902 ወዲህ ላለው የኒውዮርክ መዝገብ የተዘጋጀው የካርድ ማውጫ በዚሁ ዘዴ የተደረደረ ነው። ብልህ ዘዴ ነው፤ ግን የመጀመሪያውን ፊደል ስለማይነካ እዚያ ላይ ከተሳሳቱ አይሠራም። የኛን ስም ብንወስድ «ጸጋዬ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በ«ቲ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። በሳውንዴክስ ሁለት የማይገናኙ ሰዎች ይሆናሉ። በራሳችን ፊደልም ቢሆን «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት» በፊደል ተራ ማውጫ ላይ ተራርቀው እንደሚቀመጡ አንዘንጋ።

ዘመን አቆጣጠርም ሌላው ወጥመድ ነው። በሩሲያ ግዛት የተወለደ ሰው ቀኑ እስከ 1918 ድረስ በጁሊያን አቆጣጠር ስለነበር ከምዕራብ አውሮፓው በ19ኛው ምዕተ ዓመት 12፣ በ20ኛው 13 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። ከአገራችን በጅቡቲ በኩል ወደ ማርሴይ በመርከብ የተጓዘ ሰው ዕድሜ ሲጠየቅ ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሊዛነፍ ይችላል፤ የልደት ዓመቱን በራሱ አቆጣጠር ከተናገረና ጸሐፊው በፈረንጆቹ ካሰላው ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ሃያ ሰባት ወይም ሃያ ስምንት ተብሎ ይጻፋል። የአባቱም ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ነው የሚሰፍረው። ስለዚህ አያቱን የሚፈልግ ሁሉ የሚፈልገው ራሱን የአያቱን ስም ሳይሆን የአያቱ አባት ስም የተጻፈበትን ተራ ነው ማለት ነው። ይህን ደጋግሞ ማንበብ ሳያስፈልግ አይቀርም።

መዝገቦቹስ ሁሉ ተርፈዋል? አልተረፉም። ሰኔ 15 ቀን 1897 በኤሊስ አይላንድ የተነሣው እሳት ከእንጨት የተሠራውን ሕንፃ ከነመዛግብቱ በላው፤ ከ1855 ጀምሮ የተጠራቀመ የወደብ መዝገብ አብሮ ጠፋ። ደግነቱ የጉምሩኩ ዝርዝር ሌላ ቦታ ይቀመጥ ስለነበር የኒውዮርክ ነገር ጨርሶ አልጨለመም። የጀርመኖቹ ሁለት ወደቦች ታሪክ ግን ያሳዝናል። የሃምቡርግ ከተማ ቤተ መዛግብት ከ1850 እስከ 1934 ያለውን የተሳፋሪዎች ዝርዝር ጠብቆ አቆይቷል። የብሬመን ባለሥልጣኖች ግን ቦታ ጠበበን በማለት ከ1875 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያለፈውን ዝርዝር እያስወገዱ እስከ 1908 ድረስ ቀጠሉ፤ ከዚያ ወዲህ የቀረውም አብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ድብደባ ጠፋ። የዳነው በዋናነት ከ1920 እስከ 1939 ያለው ነው። ከሃምቡርግ የተሳፈረ ሰው የልጅ ልጅ የመንደሩን ስም ያገኛል፤ ከብሬመን የተሳፈረው አያገኝም። ልዩነቱ የመደርደሪያ ጥበት ነው። ይህን የምንጽፈው በትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ ላይ በአቧራ የተከመሩ የተማሪ መዛግብትን «አሮጌ ወረቀት» ብሎ ማገዶ ለማድረግ የሚቸኩል ርእሰ መምህር አንዳንዴ ስለማይጠፋ ነው።

አሁን ደግሞ መዝገብ እያለ እንኳ እንዴት እንደሚሳሳቱ እንይ። ጥር 1 ቀን 1892 ኤሊስ አይላንድ ስትከፈት መጀመሪያ ያለፈችው አኒ ሙር የተባለች የአየርላንድ ልጅ ናት። ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ኔቫዳ በተባለች መርከብ ነው የመጣችው፤ የ10 ዶላር የወርቅ ሳንቲምም ተሸልማለች። ጋዜጦች ያን ቀን 15ኛ ዓመቷን እንደያዘች ጻፉ። በትውልድ ከተማዋ በኮርክ የሚገኘው የክርስትና መዝገብ ግን በግንቦት 1874 መጠመቋን ያሳያል፤ 17 ዓመቷ ነበር። ይህ ትንሹ ስሕተት ነው። ትልቁ ሌላ ነው። አኒ ወደ ምዕራብ ተጉዛ፣ አግብታ፣ በ1923 ቴክሳስ ውስጥ የኤሌክትሪክ ባቡር ገጭቷት ሞተች ተብሎ ለብዙ ዓመታት ተነገረ። የቴክሳሷ ሴት ዘሮችም በየክብረ በዓሉ ይጋበዙ ነበር። በ2006 ሜጋን ስሞሌንያክ የተባሉ የትውልድ ሐረግ ተመራማሪ ነገሩን መረመሩት። የቴክሳሷ አኒ ሙር በሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ የትውልድ ቦታዋ ኢሊኖይ ተብሎ ተገኘ። አየርላንድን አታውቃትም፤ ኤሊስ አይላንድንም አላለፈችባትም።

እውነተኛዋስ? ከኒውዮርክ አልወጣችም። በማንሃተን ደቡብ ምሥራቅ በድሆች ሰፈር የዳቦ ቤት ሠራተኛ አግብታ፣ ብዙ ልጆች ወልዳ፣ ከነዚያም በርከት ያሉት ሳያድጉ ሞተውባት፣ በ1924 በ50 ዓመቷ አረፈች። መቃብሯ እስከ 2008 ድረስ ድንጋይ እንኳ አልነበረውም፤ በዚያው ጊዜ በአየርላንድም በኤሊስ አይላንድም ሐውልት ቆሞላታል። እዚህ ላይ እያንዳንዳችን መጠየቅ ያለብን ጥያቄ አለ፦ የመጀመሪያው ስሕተት ለምን ያን ያህል ዕድሜ አገኘ? የሚመስለን፣ ወደ ምዕራብ ተጉዛ ኑሮ የሞላላት ልጃገረድ ታሪክ ከዳቦ ቤት ሠራተኛው ሚስት ታሪክ ይልቅ ለጆሮ ስለሚጥም ነው። ስም መመሳሰሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታና ዘመድ፣ ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱ በተለያዩ ሰነዶች ካልገጠሙ «አገኘሁ» ማለት አይገባም።

መዝገብ የሌላቸውን ሳናነሳ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። በእጅ ሰንሰለት ውቅያኖስ የተሻገረው አፍሪካዊ ትኬት አልቆረጠምና ስሙን የጠየቀው የለም። አሜሪካ ከ1808 ጀምሮ ባሪያ ከውጭ ማስገባትን ስትከለክል፣ ከአንዱ የአገር ውስጥ ወደብ ወደ ሌላው በመርከብ የሚጓጓዙ ባሮች ግን በማኒፌስት እንዲመዘገቡ አደረገች፤ የመጠሪያ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቁመት፣ የቆዳ ቀለም፣ በቃ። የአባት ስም የለም፤ የባለቤቱ ስም ግን አለ። አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ በሙሉ ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኘው በ1870 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ነው። ከዚህ የሚለይ አንድ መዝገብ በፍሪታውን፣ ሴራ ሊዮን አለ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከባሪያ ነጋዴ መርከቦች አስጥሎ ወደዚያ ያመጣቸው ከ90,000 በላይ ሰዎች በአስተርጓሚ እየተጠየቁ የአፍሪካ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ቁመታቸውና የአካል ምልክታቸው ተጽፏል። ጸሐፊው እንግሊዛዊ ስለነበር ስሞቹ ተጣምመዋል። ቢሆንም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነባቸው ከየትኛው ሕዝብ እንደመጡ ብዙ ጊዜ ይለያል።

ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት? በማስተማር ልምምድ ለምትወጡ እጩ መምህራን አንድ ሐሳብ አለን። ከኤሊስ አይላንድ ያለፉት መዝገቦች ከ2001 ጀምሮ በኢንተርኔት ስለተለቀቁ አንድ ገጽ አትሞ መውሰድ ይቻላል። ካልተቻለም በትልቅ ወረቀት ላይ ስምንት ዓምድ ማስመር ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ የቀረ ዘመድ፣ የሚሄድበት ዘመድ፣ የያዘው ገንዘብ፣ ቀድሞ መጥቶ እንደሆነ። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ መንገደኛ ይሁንና የራሱን አያት ሆኖ ይመልስ፤ ግማሹ ጸሐፊ ሆኖ የሰማውን ብቻ ይጻፍ፤ «እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ጸሐፊዎቹ ሲጨርሱ ወረቀቱን ለጎረቤት ክፍል ስጡት። እዚያ ያሉት ተማሪዎች ማንንም ሳይጠይቁ ከወረቀቱ ብቻ ተነሥተው የመንገደኞቹን የልጅ ልጆች ፈልገው ያምጡ። ስንቱን እንዳገኙ፣ ስንቱንስ በስም መመሳሰል የሰው አያት እንደሰጡት ቆጥራችሁ በሰሌዳው ላይ ጻፉ። አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃም፤ ሁለት ያዙለት።